የጋሽ ሸምሱ ትራስ

ባለፈው ቅዳሜ ለሱቄ የሚሆን የሚዛን ሰንሰለት ልፈልግ ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ላይ፣ ከአሮጌ ቧንቧና ሆዱ ከተዘረገፈ ሬዲዮ መሀል፣ አንዲት ቀይ የቆዳ ትራስ ጉብ ብላ አየሁ። ትራስ ልበላት እንጂ ለራስ የምትሆን አይደለችም፤ ክብ ናት፣ የትሪ ያህል ሰፋ ያለች፣ መሀሏ በጉልበት ብዛት የጎደጎደ፣ ጠርዟ በጥቁር ሲባጎ የተሰፋ። አንስቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ያ ሽታ መጣ፤ የደረቀ ቆዳ፣ የጭድ አቧራ፣ ከስር ደግሞ እንደ ኮምጣጤ የሚሰነፍጥ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት። ሻጩ ሰውዬ «እናቴ፣ ለመኪና ወንበር ትሆናለች፣ ይውሰዷት» አለኝ። ለምን እንደምትሆን ለእኔ ሊያስተምር። ይቺ ትራስ የመርካቶን ጅምላ ነጋዴ ሁሉ ያከበረች፣ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ ያላየች ትራስ ናት። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴን ሪህ ይዞኝ፣ ገበያ መሀል ቆሜ በእህቴ በዘቢደር ቀናሁ፤ ዘቢደር ደግሞ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ትራሷን ገዝቼ በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስኩ፤ የሚዛኑን ሰንሰለት ረስቼው።

ያደግነው ጭድ ተራ ነው። አባታችን ጭድ፣ ገመድና ጆንያ ይሸጥ ነበር፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ጭዱ እኛን ተከትሎ ይገባል፤ ከፀጉራችን ይወጣል፣ ከብርድ ልብሳችን ይወጣል፣ አንዳንዴም ከሽሮው ውስጥ ይወጣል፤ አባቴ ታዲያ «ብይው፣ በሬ በልቶት ነው የሚያርሰው» ይላል። ትምህርት ቤት «ጭዶ» እያሉ ያበሽቁን ነበር። እኔ በድንጋይ እመልሳለሁ፤ ከእኔ በአንድ ዓመት የምታንሰው ዘቢደር ግን አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። አንገት መድፋት ጠባይዋ ነበር፤ ሰው ሲያያት መሬት ታያለች፣ ስሟን ሲጠሯት መሬት ታያለች። እማዬ «ይቺ ልጅ የጣለችው ነገር አለ እንዴ?» እያለች ትስቅባታለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አንቺስ? አንቺ የጣልሽውን ሰማይ ላይ ነው የምትፈልጊው» ትለኛለች፤ አገጬን ሽቅብ አድርጌ ነዋ የምሄደው። እስካሁንም አካሄዴ እሱ ነው፤ የሰፈር ሰው ትርፌ ስትመጣ ከፊቷ በፊት አገጯ ይደርሳል ይላል፤ ይበል።

የጋሽ ሸምሱ ፎቶ ቤት አብነት ሰፈር ነበር፤ በሩ ሰማያዊ፣ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለም ያለ፣ አምፖሎቹ ሲበሩ ግን እንደ ሐምሌ ምድጃ የሚሞቅ። ጀርባው ላይ የተሳለ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከታች ሁለት አንበሶች የሚጠብቁት የቤተ መንግሥት ደረጃ፣ ከደረጃው በላይ ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ ደመና፣ ደመናው ውስጥ ደግሞ፣ ሠዓሊው ቦታ ተርፎት ነው መሰለኝ፣ አንድ አውሮፕላን። ጋሽ ሸምሱ ረዥም የስልጤ ሰው ነው፤ ኮፍያው ነጭ፣ ጣቶቹ በመድኃኒቱ ቢጫ የሆኑ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ስለ ሥራው አንድ አባባል ነበረው፤ «ከታች ያነሱት ይከበራል፣ ከላይ ያነሱት ይታዘንለታል፣ ፊት ለፊት ያነሱት ይታሰራል።» የዚያን ዘመን መታወቂያ ላይ ያለውን ፊት ያየ ሰው ሦስተኛውን አይከራከረውም።

ለዚህ ሥራው ሁለት ዕቃ ነበረው፤ በርጩማና ትራስ። ልጅ ሲያነሳ፣ ወይም አገር ቤት ልኮ ብር የሚለምን ተማሪ ሲያነሳ በርጩማው ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲያዩት ሰው ዓይኑ ይተልቃል፣ ትከሻው ይጠባል፣ የበላም ቢሆን ያልበላ ይመስላል። ጅምላ ነጋዴ ሲመጣ ግን ጋሽ ሸምሱ ያቺን ቀይ ትራስ ከመደርደሪያ ያወርድና መሬት አስቀምጦ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። ከዚያ ሽቅብ ያነሳዋል። ጠዋት በርበሬ በረንዳ ሲያስነጥስና ከተሸካሚ ጋር ሲጨቃጨቅ ያየነው ሰውዬ ፎቶው ላይ ሆዱ ቀድሞ፣ አንበሶቹን ከጉልበቱ በታች ጥሎ፣ አውሮፕላኑን በጆሮው አሳልፎ፣ አገር የሚገዛ ሰው ሆኖ ይወጣል። ሚስቱ እንኳ ፎቶውን ካየች በኋላ ለጥቂት ቀን «እርስዎ» እያለች ትጠራዋለች ይባል ነበር።

የሰፈሩ ሰው ታዲያ ስለ ካሜራ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሱ ያየው ጉልበቱን ነው። ጋሽ ሸምሱ ከሶላት በቀር ጉልበቱ መሬት የማይነካ ኩሩ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ተንበርክኮ ፎቶ ካነሳ፣ ያ ሰው ሰው ነው ማለት ነው። «ትራስ ወጣችለት» ይባላል። ልጁን የሚድር ሰው ስለ አማቹ ሲጠይቅ «ኧረ ትራስ የወጣችለት ነው» ከተባለ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሁለት ነጋዴ ሲጣላም «ሂድ ወዲያ፣ ትራስ ላልወጣችልህ!» ይባባላል። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ትራሷን የሚሞላት ጭድ የእኛ ነው። ጭዱ ሲደቅ አባቴ አዲስ ይልክለታል፤ አድራሿ እኔ ነኝ፤ ስፌቷ ሲፈታም አፏን ከፍቼ በገዛ እጄ ጠቅጥቄ ሞልቻታለሁ። እኔ ያጎረስኳት ትራስ ለእኔ ሳትወጣ ቀረች።

አባታችን የጉራጌ ሰው ነው፤ መስቀል ሲደርስ እንደሌላው ሁሉ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። በዚያን ጊዜ መኪና ላይ ቦታ ማግኘት ፈተና ስለነበር አባዬና እማዬ ይሄዳሉ፣ እኔና ዘቢደር ጎረቤት እንቀራለን። በእኛ ፋንታ ፎቷችን ይሄዳል። አያታችን፣ አክስቶቻችን፣ መንደሩ በሙሉ በአካል አያውቀንም፤ የሚያውቁት በየዓመቱ ከስኳሩና ከጋቢው ጋር የሚደርሳቸውን ፎቷችንን ነው። አባቴ አንድ ላይ እንድንነሳም አይፈልግም፤ «ልጅ እንደ ጆንያ ተደርቦ አይቀርብም፣ እያንዳንዷ ለየራሷ ትታይ» ይላል። ቀብራራ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

የፎቶው ቀን እማዬ ፀጉራችንን ቅቤ ቀብታ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳ በበርበሬ በረንዳ በኩል ትወስደናለች። እዚያ ጋ ስንደርስ ዓይናችን እንዳይቀላ ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን፣ እጇን ይዘን፣ እንደ ዕውር ማለፍ ነው። ዘቢደር እንደታዘዘችው ተሸፍና ትሄዳለች። እኔ አይሆንልኝም፤ የበርበሬው ክምር ተራራ አክሎ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ጠምጥመው ሲሰፍሩ፣ ሚዛኑ ሲንቋቋ፣ ያንን ሁሉ ሳላይ ልለፍ? ነጠላውን እገልጣለሁ። ፎቶ ቤቱ ስደርስ ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ኮለል ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ እንባዬ ሞልቶ፣ አገጬ ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ጋሽ ሸምሱ በርጩማ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያነሳኝ ምን እንደምመስል። ወላጆቿን ያጣች፣ ሰማይ ሰማይ እያየች ምግብ የምትለምን ሕፃን። ጭንቅላቴ ከደረጃው አያልፍም፤ አንደኛው አንበሳ ከእኔ ይተልቃል።

ቀጥሎ ዘቢደር ትቆማለች። ጋሽ ሸምሱ «ቀና በይ የእኔ ልጅ» ይላል። ዘቢደር ይበልጥ ታቀረቅራለች። «ቀና፣ ቀና» ይላል፤ አገጯ ደረቷ ውስጥ ይገባል። እማዬ ትቆጣለች፣ አባዬ ያባብላል፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ በአፍንጫው ረዥም ትንፋሽ ያወጣና መደርደሪያውን ቀና ብሎ ያያል። እጁ ይዘረጋል። ትራሷ ትወርዳለች። ያ ረዥም ሰው በአንድ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ካሜራውን ከመሬት ሽቅብ ይይዛል፣ ለጭድ ሻጭ ልጅ፣ ለእኔ ታናሽ፣ በሌሊት ብቻዋን ሽንት ቤት መሄድ ለምትፈራ ልጅ ይንበረከካል። ከአምፖሉ ጀርባ ሆኜ አይቼ እንባዬ መጣ፤ አሁን ግን የበርበሬ አልነበረም። አባቴ ደስ ብሎት መንገዱን ሙሉ ላገኘው ሁሉ «የእኔዋ ትንሿ፣ ትራስ ወጣችላት እኮ» ሲል እኔ ከኋላ ከኋላ ጭድ እየረገጥኩ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ብልሃት አገኘሁ። ዘቢደር አንገቷን የምትደፋው ሆን ብላ ነው፣ ትራሷን ማውረጃ ዘዴ አላት ብዬ ደምድሜ ነበርና፣ ተራዬ ሲደርስ እኔም አገጬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ጋሽ ሸምሱ ቀና በይ አላለኝም። መጥቶ ግንባሬን ዳሰሰኝ። «ምነው፣ ልጅቷን አሟታል እንዴ?» አለ እማዬን። እማዬም ከት ብላ ሳቀች፤ «ኧረ ምንም አልሆነችም፣ ተንኮል ይዟት ነው» አለች። በቢጫ ጣቱ አገጬን ሽቅብ ገፋ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰውና በርጩማው ላይ ወጣ። የዚያ ዓመት ፎቶዬ ላይ ከንፈሬ ተነፋፍቷል፤ አገር ቤት ሲደርስ አክስቶቼ «ይቺ ምስኪን ምን ነክቷት ነው?» ብለው አልቅሰዋል አሉ።

ልጃገረድ ስንሆን አባቴ አንድ ዓመት ከጎረቤታችን ከነጋዴው የጭነት መኪና ላይ ለአራታችንም ቦታ አገኘና ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ሄድን። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። ምክንያቱም በአባታችን ቤት ልማድ የመስቀል ዕለት አያታችን የልጅ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ፤ መጀመሪያ ትልቋ፣ የትልቋ ምርቃት ደግሞ ረዥም ነው፣ የቤቱ ሁሉ በረከት በሷ በኩል ነው የሚወርደው ሲባል ሰምቻለሁ። ትልቋ እኔ ነኝ። ትራሷን ዘቢደር ትውሰዳት፤ ምርቃቱን ግን ማንም ካሜራ አይነጥቀኝም ብዬ ነበር።

መኪናው ሲቆም አክስቶቻችን እየሮጡ መጡና እኔን አልፈው ዘቢደርን አቀፏት። «ትልቋ መጣች! ትልቋ ይሄው!» እያሉ ጉንጯን ሳሟት፣ ትከሻዋን ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ ልብ በሉ፣ በቁመት እኔ እበልጣቸዋለሁ፣ ግን ጎንበስ አሉ። «ሚጢጢዋ! አወይ፣ አድጋለች እኮ!» አለችኝ አንዷ፤ ሌላዋ እጄን እየደባበሰች «መርካቶ አይመግቧትም እንዴ?» ብላ እማዬን በዓይኗ ገላመጠቻት። ነገሩ የገባኝ ጎጆው ውስጥ ስገባ ነው። ግድግዳው ላይ የሁለታችን ፎቶዎች በየዓመታቸው ተደርድረዋል። ዘቢደር በሁሉም ላይ ደመናው ጋ ደርሳ፣ አንበሶቹን ረግጣ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አገሩን ሁሉ ቁልቁል ታያለች። እኔ በሁሉም ላይ ከአንበሳው ሥር እንባዬን አዝዬ ሽቅብ አያለሁ። ስም አያምታታም፣ ዓመት አያምታታም፤ ፎቶ ካየ በኋላ ግን ማን ስም ይጠይቃል? ለነሱ እሷ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ ነበርን። ክትፎው ሲቀርብ ለዘቢደር ከትልልቆቹ ጋር፣ ለእኔ ከሕፃናቱ ጋር በአንድ ጣባ ቀረበልኝ። ከጎኔ ንፍጡን ያዝረከረከ የአክስቴ ልጅ ጎመኑን እጄ ላይ ጠረገው።

እናገራለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ግን ከወንዶቹ ጋር ደመራው ጋ ነው፣ እማዬ ጓዳ ናት፤ ነገሩን ሳላነሳ ሰዓቱ ደረሰ። አያታችን ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊታችንን አያዩም፣ ፎቷችንን ግን ዓይናቸው ደህና በነበረ ጊዜ በልባቸው ይዘውታል። «ትልቋ ትምጣ» አሉ። አክስቴ ዘቢደርን ከጀርባዋ ገፋ አደረገቻት። ዘቢደር አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ጭራሽ ምንም ሳትል። አያታችን እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው እንትፍ እንትፍ እያሉ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀሙትን አወረዱላት፤ እጅሽ የነካው ይለምልም፣ የጣልሽው ይብቀል፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ የወለድሽው ይጡርሽ። ቤቱ ሙሉ «አሜን» ይላል፤ አፍ ልማድ ነውና እኔም «አሜን» አልኩ። ተራዬ ሲደርስ አያታችን ፈገግ ብለው ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «ይቺ ትንሿ! እደጊ፣ እደጊ» አሉኝ። በቃ። ከዚያ በላይ ምን ልደግ? ብኩርና በምስር ወጥ መሄዱን ከቄሱ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ግን በትራስ ሄደ፣ ያውም ጭዱን እኔ በሞላሁት ትራስ።

ማታ ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ እህትሽ አይደለች እንዴ፣ ምን አለበት» አለኝ። ምን አለበት የሚለው ሰው ሁልጊዜ ያልተወሰደበት ሰው ነው። ዘቢደር ከጎኔ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ እኔም ፊቴን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርኩ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ያውቃል። የዘቢደር እጅ የነካው ለመለመ። ደህና ባል አገባች፤ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ፣ የማይጮህ፣ የማይጠጣ ሰው። ሱቅ ከፈተች ሆነላት፣ ቤት ሠራች ሆነላት፣ የወለደቻት ሜሮን ምርቃቱ እንዳለው ጧሪ ወጣች። ደጇ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ስትታመም እንኳ ጠያቂዋ በዝቶ ወንበር ከጎረቤት ይለመን ነበር፤ እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ የምትጠይቀኝ እሷው ብቻ ነበረች። እኔ ጭድ ተራ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ቀረሁ፤ አላገባሁም፣ አልተራብኩም፣ አደግኩ። ፎቶ ቤቱም ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ቆመበት፤ ጋሽ ሸምሱ ከዚያ ቀደም ብሎ አልፏል። በእህቴ መቅናቴን ግን አልተውኩም፤ በየሳምንቱ እሑድ ቤቷ ሄጄ፣ ምሳዋን በልቼ፣ መጋረጃዋን፣ ሶፋዋን፣ አንገት ደፍታ የምትስቀውን ሳቅ አይቼ፣ በደንብ ቀንቼ እመለስ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ እሑድ ከሳምንቱ ሁሉ ይሻለኝ ነበር።

ሕመሙ እየጠናባት በመጣበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን እያበጠርኩላት አመለጠኝ። «ለመሆኑ ጋሽ ሸምሱ ለምን ነበር ላንቺ ብቻ የሚንበረከከው?» አልኳት። ዘቢደር እስኪያስላት ሳቀች።

«አይ ትርፌ! እስካሁን?» አለች። «ፊቴን ስላጣው ነዋ። ቀና በይ ሲለኝ አንገቴ እምቢ ይለኛል፣ እሱም ፊቴን ፍለጋ መሬት ወረደ። ሌላ ምን አለው? አንቺንማ ምን ተደብቀሽ ነው መሬት ወርዶ የሚፈልግሽ?»

«ምርቃቱንስ?» አልኳት፤ ከተጀመረ አይቀር ብዬ።

አንገቷን ደፋች። ከዚያ «ሲገፉኝ ሄድኩ» አለች። «ቀና ብዬ ትልቋ እሷ ናት ማለት አቃተኝ። እዚያች ሰዓት ያልቀናች አንገት ከዚያ በኋላ ጭራሽ ከበደችኝ። እኔ ባገኘሁት ሁሉ ላይ የትርፌ ነው፣ የትርፌ ነው የሚለኝ ነገር ነበር። ነይ፣ ልመልስልሽ።» ቀጭን እጇን አንስታ ራሴ ላይ ልትጭን ሞከረች።

«ያገለገለ ዕቃ አልፈልግም» አልኳት። ሁለታችንም እንደ ልጅነታችን ሳቅን፤ እጇ ግን ራሴ ላይ ቆየ። ነገሩ ገባኝ እኮ፤ ትራሷ የኩራት ሳትሆን የፍርሃት እንደነበረች፣ ሰፈሩም አባቴም እኔም ለአንገት ደፊ ልጅ የተደረገላትን ክብር ብለን እንደያዝነው ገባኝ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም። ሰው መሬት ወርዶ ፊትሽን ሲፈልግልሽ፣ ያ ራሱ አያስቀናም?

ትራሷን የገዛሁ ማግስት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሜሮን ሱቄ መጣች። ሙት ዓመቱን አስመልክታ ሳሎኑን አሳምራለች፤ ከአገር ቤት የመጣላትን የእናቷን የልጅነት ፎቶ አሳድጋ፣ በፍሬም አድርጋ በታክሲ ይዛው መጥታ ነበር። የእኔዎቹን ምስጥ በልቷቸዋል፤ ይብላቸው። «አክስቴ፣ ከእማዬ ጎን የሚሰቀል አንድ የአንቺ ፎቶ እፈልጋለሁ፣ አሁን ላንሳሽ» አለችኝ። ስልኳን ስታወጣ በልቤ ከላይ እንዳታነሳኝ ብቻ አልኩ፤ የዛሬ ልጆች ፊት ያቀጥናል ብለው ስልካቸውን ሽቅብ ሰቅለው ራሳቸውን ቁልቁል ነው የሚያነሱት። እኛ ያለቀስንበትን እነሱ ለማማር ይፈልጉታል፤ ዘመን።

ከጆንያው ክምር ፊት አቆመችኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። የዘቢደርን ፎቶ ከፊቴ ባለው የገመድ ጥቅል ላይ አስደግፋው ነበርና ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ፤ ደመናው ጋ የደረሰችው ልጅ፣ አገሩን ቁልቁል ታያለች የተባለችው። ቀርቤ ሳያት አገር አላየችም። የምትገባበት ቀዳዳ ነበር መሬት ላይ የምትፈልገው።

«አክስቴ፣ ቀና በይ» አለች ሜሮን።

አንገቴ እምቢ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ማንም ትእዛዝ ሽቅብ የኖረ አገጭ፣ አሁን ደረቴ ላይ ወድቆ አልነሳ አለኝ።

«ትርፍዬ፣ ትንሽ ብቻ፣ ቀና።»

ሞከርኩ። ይበልጥ ወረደ። እንባዬ ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ፤ በአቅራቢያችን ደግሞ የተነሰነሰ በርበሬ የለም። ሜሮን በአፍንጫዋ ረዥም ትንፋሽ አወጣች። ግራ ቀኝ አየች። የሱቄ መሬት ጭድ በጭድ ነው፣ ሱሪዋ ደግሞ ነጭ፤ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥኳትን ቀይ ትራስ ምን እንደሆነች ሳትጠይቅ አነሳች፣ እግሬ ሥር አስቀመጠች፣ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከችና ፊቴን ፍለጋ ስልኳን ሽቅብ ያዘች።

ፎቶውን አሳየችኝ። ጆንያዎቹ ከጀርባዬ እስከ ጣሪያው እንደ ደረጃ ወጥተዋል፤ እኔ ትልቅ ነኝ፣ ትከሻዬ ሰፊ ነው፣ ዓይኔን ዝቅ አድርጌ አገሩን ቁልቁል አያለሁ። ጭድ ተራ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየው አንድ ቃል ነው የሚለው፤ ትራስ ወጣችላት።

እሑድ ነበር። ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ ዘቢደር ገብታ አይታኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ትቅናብኝ ብዬ።